ሬዝል የት አለች?

እንግልውድ ከተማ፣ አማቴ ሃና ቤት እራት እያቀረብን ነበር። ሹካው ከሃና ቀኝ እጅ ወደቀ። አንስቼ ሰጠኋቸው። እንደገና ወደቀ። ቀና ብዬ ሳያቸው አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ባለቤቴ ዳንኤል አምቡላንስ ለመጥራት ወዲያው 911 ደወለ።

ሆስፒታል ደርሰው የአንጎል ሲቲ ስካን ተነሡ። «ስትሮክ ነው» አለችን ሐኪሟ። «የአንጎላቸው የግራ ክፍል ተጎድቷል።»

በማግስቱ ሲነቁ እንግሊዝኛ ጠፍቷቸዋል። አንጎል ተጎድቶ ቋንቋ ሲጠፋ አፌዥያ ይባላል። የቀረላቸው ፖላንድ ውስጥ በልጅነታቸው የተናገሩት ይዲሽ የሚባለው የአይሁዶች ቋንቋ ብቻ ነበር። ዳንኤል አያውቀውም። እናቱ አላስተማሩትም።

ታላቅ ወንድማቸውን ያኮብን ከሚኖሩበት ከሊትልተን አመጣናቸው። ጆሯቸውን ወደ እህታቸው አፍ አስጠጉ። ፊታቸው ነጣ።

«ምን አሉ?» አልኳቸው።

«ሬዝል የት አለች ነው የምትለኝ።»

ዳንኤል ይህን ስም ሰምቶ አያውቅም። ኮሪደሩ ላይ ያኮብ ነገሩን።

«ናዚዎቹ አይሁዶችን መሰብሰብ ሲጀምሩ እናታችን ሃናን ለአንዲት ገበሬ ሰጠቻት፤ ሴትየዋ ጎተራ ውስጥ ደበቀቻት። እኛን አራታችንን በባቡር ወሰዱን። ስንወርድ አባታችንንና ትንሿን እህታችንን ሬዝልን ወደ ሌላ ሰልፍ ላኳቸው። ገደሏቸው። እናቴና እኔ በተለያየ ካምፕ ተረፍን። ጦርነቱ ሲያልቅ ተፈላልገን ተገናኘንና ሃናን ፍለጋ ሄድን። አላወቀችንም። እናቴ ‹ሃነሌ› ብላ በቤት ስሟ ስትጠራት ሮጣ መጣች። አቅፋን መጀመሪያ የጠየቀችን ‹ሬዝል የት አለች?› ብላ ነው። እናቴ ፊቷን አዞረች። እኔ ነገርኳት። አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር።»

ያኮብ ተመልሰው ገቡና ለእህታቸው አሁንም ነገሯቸው። ሃና አለቀሱ። ተኙ። ስትሮኩ የማስታወስ ችሎታቸውንም ስለነካው በማግስቱ ረስተው ጠየቁ። ያኮብ ነገሯቸው። አለቀሱ። በየቀኑ እንዲሁ ሆነ።

«ለእሳቸው በየቀኑ አዲስ መርዶ ነው» አለች ሐኪሟ። «ባይነግሯቸውስ?»

«ይህ ሁሉ ግድያ አልተፈጸመም የሚሉ ሰዎች አሉ» አሉ ያኮብ። «እኔም የእህቴን ሞት ልካድ?»

መውጫውን ያሳየችን መናገር መልሳ የምታለማምዳቸው የንግግር ቴራፒስት ናት። «ሲጠይቁዎት መልሰው ይጠይቋቸው» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ሃና «ሬዝል የት አለች?» ሲሉ ያኮብ «እስቲ ስለ እሷ ንገሪኝ» ይሏቸው ጀመር።

ሃና አውሮራ ከተማ ወዳለው ማገገሚያ ማዕከል ከተዛወሩ በኋላ እኔ ከሥራ ወጥቼ ከግሪን ቫሊ ራንች እየነዳሁ ስደርስ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ግንባር ለግንባር ተጠጋግተው፣ ሬዝል ፀጉሯን ሲያበጥሯት እንዴት እንደምትናከስ፣ የጎረቤቱን ዝይ በምን ስም እንደምትጠራው እየተቀባበሉ ሲስቁ አገኛቸው ነበር፤ ያኮብ ይተረጉሙልኛል። እየቆየ በሃና ይዲሽ መሐል አንድ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃል ብቅ ማለት ጀመረ፣ ቀኝ እጃቸው ማንኪያ ያዘ፣ አንድ ቀን ደግሞ ዎከር በሚባለው መደገፊያ እየተራመዱ በር ድረስ መጥተው በስሜ ጠሩኝ።

ወደ ቤታቸው በተመለሱ ሰሞን ያኮብ «ዛሬ ስለ ሬዝል አልጠየቅሽኝም» አሏቸው።

ሃና ቃሉን ፈልገው በእንግሊዝኛ መለሱ። «አውቃለሁ። ሞታለች።»

ያኮብ ወጥተው መኪናቸው ውስጥ ተቀመጡ። ተከትያቸው ሄድኩ። እያለቀሱ ነበር።

«እኮ ዳኑልን» አልኳቸው።

«አዎ፣ ድናለች» አሉኝ። «ግን እስከ ትናንት ሬዝልን የሚጠብቃት አንድ ሰው ነበር።»

ወላጅ ለምታስታምሙ፦ አፍ ሲጣመም ወይም እጅ ሲዝል አምቡላንስ ጥሩ፤ ራሴ ነድቼ ላድርስ አትበሉ። አፌዥያ አእምሮ ማጣት አይደለም። ቃል ከአፋቸው አትንጠቁ፤ ታገሡ። የእናታችሁ የልጅነት ቋንቋ ጉራግኛም ይሁን ኦሮምኛ ወይም ትግርኛ፣ እሷ ጤነኛ ሳለች ተማሩት። ከእነማን ጋር እንዳደገችም ጠይቋት።

ሐኪሟንና ቴራፒስቷን አመሰግናለሁ። ከሁሉ በላይ ያኮብን። በተከታዩ ክረምት አረፉ። ለሃና መርዶውን የነገርናቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አልረሱትም።