ቄስ ይዘን የሄድን ጧት

የታሪክ ሁለተኛ ዲግሪ ስንጀምር ክፍሉ በሙሉ ስለ ጦርነቱ ካልጻፍሁ ብሎ ሙጭጭ አለ። እኔን ያናድደኝ ነበር። ጣና ዳር ተቀምጠው ስለ ግንባር ሲከራከሩ የሰማ ሰው ስለ ኳስ የሚያወሩ ይመስለዋል። "ኧረ ተዉ፣ ደሙ እንኳ አልደረቀም!" እላለሁ። "የማንን ቤት ያልነካ ነገር ነው? ስለ ሌላ ምን እንጻፍ?" ይሉኛል። እሱም እውነት ነው።

አንዷ ጓደኛዬ ግን ስለ አዋጊዎቹ ግድ አልነበራትም። የልጃቸውን ድምፅ ስለሚጠብቁ እናቶች ነው የምጽፈው አለች። ይህስ ደግ ሐሳብ ነው ብዬ ዱርቤቴ ድረስ አብሬያት ሄድሁ። እዚያ አጎቷ ቄስ ናቸው፤ ያሳደሩንም እሳቸው ነበሩ። ራት ላይ ስለ አንዲት እናት አጫወቱን። አንድ ልጃቸው ዘምቶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። ሴትዮዋ ስልካቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል፤ ቅዳሴ ላይ እንኳ አያጠፉትም።

"ተቆጥቻት ነበር" አሉ ቄሱ። "ኋላ አሳዘነችኝና ተውኋት።"

ማግስቱ ገበያ ስለነበር ሴትዮዋ ሳይወጡ እንድረስባቸው ተባባልን። ቄሱም "እንግዳ ሰው አታምንም፣ እኔው ላግባችሁ" አሉ። ገና ጎህ ሲቀድ ወጣን። እሳቸው መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ እኛ በብርዱ ጋቢና ነጠላችንን ተከናንበን ከኋላ።

ሴትዮዋ ደጃፋቸውን እየጠረጉ ነበር። ቀና ብለው አዩን። መጥረጊያው ከእጃቸው ወደቀ።

"ልጄን! ልጄን በላችሁት!"

ደረታቸውን እየደቁ መሬት ላይ ተዘረሩ። ያኔ ነው የገባኝ። በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ቄስ ከፊት ቀድሞ። ይህን የማያውቅ የለም። እኔ ራሴ የአባቴን መርዶ የተረዳሁት እንደዚያ ነው። ምን ነክቶን ነው ሦስታችንም ያልታየን? እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

"ኧረ እማማ፣ ምንም የሰማነው የለም! ለጥናት ነው የመጣነው!" ትላለች ጓደኛዬ እግራቸው ላይ ወድቃ። ቄሱም "ልጄ፣ እኔ የማውቀው ነገር የለም" እያሉ ይለምናሉ። ማን ሰምቶ! ጎረቤቱ እየጮኸ ግቢውን ሞላው። አንዲት አሮጊት ጓደኛዬን በክንዷ ይዘው ወደ ጥግ ወሰዷት።

"አይዞሽ፣ መደበቅሽ ለደግ ነው። ቀስ ብላ ትስማው" አሏት።

ባሕር ዳር ተመልሰን ጓደኛዬ ርእሷን ቀየረች። ስለ ጥናቱ የሚጠይቃት ሰው ላይ ትጮህ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ "ሄጄ ካላስረዳኋቸው እንቅልፍ አይወስደኝም" አለችኝ። ስኳርና ቡና ገዝተን፣ ያለ ቄስ፣ በጠራራ ፀሐይ ሄድን።

ግቢው ውስጥ ዳስ ተጥሏል። ሴትዮዋ ጥቁር ለብሰዋል፣ ጸጉራቸውን ተላጭተዋል። ተነሥተው ሳሙን፤ ቂምም የላቸው።

"እንኳን መጣችሁ ልጆቼ። አሁን ልቤ ጸንቷል። የት እንደወደቀ ንገሩኝ።"

"እማማ፣ በእግዚአብሔር ስም፣ እኛ አናውቅም። ምናልባት በሕይወት ይኖራል" አለች ጓደኛዬ።

"የተማረ ሰው ቄስ አስቀድሞ በማለዳ ሰው ቤት በከንቱ አይመጣም" አሉ በትዕግሥት፣ ሕፃን እንደሚያባብሉ።

ጓደኛዬ አንገታቸውን አየች። ክሩ የለም።

"ስልክዎስ፣ እማማ?"

"ለተዝካሩ ጤፍ ጎደለኝና ከነቁጥሩ ሸጥሁት" አሉ።