ክርስትና ያልተነሳችው እህቴና እኔ

ከደባርቅ የወጣሁት ሊነጋጋ ሲል ነው፤ ሁመራ ሰሊጥ ሊጭን በሚወርድ አይሱዙ፣ ከሾፌሩ አጠገብ፣ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ። በዳባት በኩል ወደ ጎንደር መሄድ ይቀል ነበር፤ ግን መናኸሪያው ላይ የማያውቀኝ ሰው የለም፣ ያን ሰሞን ደግሞ የሚያውቀኝ ሁሉ ፊቱን ያዞርብኝ ነበር። ስለዚህ በሊማሊሞ ቁልቁል ሆነ መንገዴ። እናቴ የገብስ በሶ በላስቲክ ቋጥራ ጭኔ ላይ አስቀመጠችና «በይ ሂጂ። እንዳታለቅሺ፤ ካለቀስሽ ያጠፋሽ ይመስላቸዋል» አለችኝ። አላለቀስኩም።

ሊማሊሞ ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦት ነበር። ሾፌሩ ጠመዝማዛውን ጨርሶ፣ ዛሪማ ላይ ሙቀቱ መጥቶ መስኮት ስናወርድ ወደኔ ዞረ።

«አንቺ እህቴ፣ ምን አድርገሽ ነው እንዲህ የምትሸሺ?»

«ተናግሬ።»

«ፖለቲካ?»

«የለም፤ ስለ ሞቱ ሕፃናት።»

«ፖለቲካ ቢሆን ይሻልሽ ነበር» አለኝ።

እውነቱን ነው። አገር ቤት ያላችሁም፣ እንደኔ በየአገሩ የተበተናችሁም ወሬውን ሰምታችኋል፤ ጴንጤ ሆነች፣ ሃይማኖቷን ጣለች፣ ነጭ ገዛት ተብሏል። ከባለቤቱ ስሙት እንግዲህ። ደባርቅ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ፍልስፍና አስተምር ነበር። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ እጇን አወጣችና «መምህርት፣ እህቴ ክርስትና ያልተነሳ ልጅ ሞተባት። አሁን የት ነው ያለው?» ብላ ጠየቀችኝ። የዛሬው ትምህርት አይደለም ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ክፍሉ ግን ጸጥ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር። «እግዚአብሔር ዘንድ ነው። ቀንህ አልሞላም ብሎ ሕፃን ከደጁ የሚመልስ አምላክ እኔ አላውቅም» አልኩ። አንዱ በስልኩ ቀርጾኝ ኖሮ፣ ሳይመሽ በቴሌግራም ዳባት ገብቷል።

መልሱን ከመጽሐፍ አላመጣሁትም። ሙሉ የምትባል ታናሽ እህት ነበረችኝ። በኛ ሥርዓት ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማኒያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች፤ ሙሉ በሁለት ወሯ፣ እንቅልፍ ላይ እንዳለች ሄደች። አባቴ ቄስ ናቸው፤ ታማ ቢሆን ቀኑን ሳይጠብቁ ባስጠመቋት ነበር፣ ግን አልታመመችም። ወንድ ብትሆን ተጠምቃ ነበር። ሴት ሆነችና ያለ ፍትሐት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ የኮሶ ዛፍ ሥር ተቀበረች። ለቅሶ እንኳን አልተቀመጡላትም፤ ጎረቤቱ ሁሉ እናቴን «ገና እኮ ናት፣ ሌላ ትወልጃለሽ» ይላት ነበር። እናቴ ግን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በፊት ጫማዋን የምታስተካክል መስላ ኮሶው ጋ ጎንበስ ትላለች። ልጅ ሆኜ አጠገቧ ቆሜ እጠብቃት ነበር።

ስለዚህ ተሳስቻለሁ ማለት ለኔ፣ እናቴን ዓይኗን እያየሁ ልጅሽ ጨለማ ውስጥ ናት ማለት ነው። ያን አልልም፤ ዛሬም አልልም።

ካህናቱ በደብሩ አዳራሽ ተሰብስበው ጠሩኝ። አለቃው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ አንቺ የቄስ ልጅ ነሽ። በጉባኤው ፊት ተሳስቻለሁ በይ፤ እኛም ቀኖና ሰጥተን እንፈታሻለን።»

«አባታችን፣ ካልተሳሳትኩስ?»

«ከውኃና ከመንፈስ ያልተወለደ አይገባም ይላል ቃሉ! ጥምቀት አያስፈልግም ልትዪን ነው?»

«እንዲያ አላልኩም። እኔም ተጠምቄአለሁ፤ ብወልድም አስጠምቃለሁ። የእግዚአብሔር ምሕረት ከኛ ቀን ቆጠራ ይሰፋል ነው ያልኩት።»

«ይህን ደግሞ ማን ነገረሽ?»

«አይሰፋም ብሎስ ለእርስዎ ማን ነገረዎ?»

አዳራሹ ተንጫጫ። አንድ ዲያቆን «ትወገዝ!» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። ስወጣ መስቀላቸውን ልሳለም ጎንበስ ስል፣ መስቀሉን ወደ ኪሳቸው ከተቱት። ከውግዘቱ ሁሉ ይልቅ ያቺ ናት እስከ ዛሬ የምታመኝ። በማግስቱ ኮሌጁ ለደኅንነትሽ ስንል ብሎ አሰናበተኝ፤ የነፍስ አባታችንም እሷ ባለችበት ቤት ጠበል አልረጭም አሉ። እናቴ በኔ ምክንያት ከቤተ ክርስቲያኗ እንዳትለይ ብዬ ወጣሁ እንጂ፣ እነሱን ፈርቼስ አልነበረም።

ከሁመራ ሱዳን ተሻገርኩ። ካርቱም ሙቀቱን ስታገል ከርሜ፣ አንድ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ስኮላርሺፕ ሰጠኝና ካሰል የሚባል ከተማ ገባሁ። አከራዬ ፍራው ሄልጋ ይባላሉ፤ ፍራው ወይዘሮ ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በሬን አንኳኩተው ገቡና መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱት።

«ሉፍተን!» አሉኝ። ቤት ማናፈስ ማለታቸው ነው።

«ፍራው ሄልጋ፣ ውጭ እኮ በረዶ ነው።»

«ይሁን። አለበለዚያ ግድግዳዬ ይሻግታል።»

እኔ ያደግሁት የነፋስ ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር ጨርቅ በሚወተፍበት አገር ነው። ደባርቅ ላይ በክረምት መስኮት ከፍቶ የሚቀመጥ ሰው ቢገኝ ጠበል ይወስዱታል። እሳቸው ደግሞ ብርዱን በብር ገዝተው ያስገቡት ይመስል ደስ ይላቸዋል። ጥቁር ዳቧቸው ግን ጥሩ ነው፤ ሳኝከው የኛን የገብስ ዳቦ ያስታውሰኛል፣ ከዚያ ሁለተኛው ጉርሻ አልወርድ ይለኛል።

ስኮላርሺፑ ሲያልቅ ጥገኝነት ጠየቅሁ። የመረመሩኝ ሰውዬ በአስተርጓሚ በኩል «ሃይማኖትዎ?» አሉ።

«ኦርቶዶክስ።»

«ያባረሩዎትስ?»

«ኦርቶዶክስ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ በምን ተጣላችሁ?»

ነገርኳቸው። «ይኸው ብቻ?» አሉ።

«ይኸው ብቻ።»

«እዚህ አገር እንዲህ ቢሉ ማንም አያባርርዎትም። የሚሰማዎትም የለም።»

ሳቄ መጣ። የኛዎቹ ቢያንስ እስኪናደዱ ድረስ ሰምተውኛል።

«ተሳስቻለሁ ብለው ወደ አገርዎ ቢመለሱስ?»

«ጌታዬ፣ ይህን ጥያቄ ጠምጥመው የጠየቁኝም አሉ። መልሱ አልተለወጠም።»

ውሳኔው ገና አልመጣም። እሑድ እሑድ እዚሁ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን እሄዳለሁ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፤ ከኋላ ስቆም አንዳንዱ ጠጋ ብሎ የነበረ ይርቃል። ይራቅ። እኔ ከአምላኬ ጋር አልተጣላሁም፤ ማንም ውጪ ብሎኝም አልወጣም።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ እናቴ ደወለች።

«እናንዬ፣ ደኅና ነሽ ወይ? ብርዱስ?»

«ደኅና ነኝ እማዬ። እናንተስ?»

«እግዚሃር ይመስገን።» ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እስቲ ያን ለተማሪዎቹ ያልሽውን ለኔም ንገሪኝ» አለችኝ።

«እስከ ዛሬ አልሰማሽውም?»

«ለኔ ማን ያሰማኛል? ሰው ሁሉ የሚነግረኝ ያጠፋሽውን ነው እንጂ ያልሽውን አይደለም።»

«እማዬ፣ ሙሉ እግዚአብሔር ዘንድ ናት አልኩ። ከደጁ አልመለሳትም።»

ከእናቴ አጠገብ የሰው ሳል ሰማሁ፤ ያን ሳል በሺህ ሰው መሀል አውቀዋለሁ። አባቴ ከዚያ አዳራሽ ወዲህ አንድ ቃል አናግረውኝ አያውቁም። አሁንም እኔን አላናገሩኝም።

«ድምፁን ከፍ አድርጊው እንጂ» አሏት እናቴን፤ «ለኔ አልተሰማኝም።»

መስኮቱ ለሉፍተን ተከፍቶ ነበር። አልዘጋሁትም። ተነሥቼ ቆምኩና፣ ፍራው ሄልጋ ከታች ቀና ብለው እስኪያዩኝ ድረስ፣ ጮክ ብዬ ደገምኩት።