አባባ ከወንበር እንዳይነሱ

ደብዳቤው የመጣ ቀን የመታጠቢያ ቤቱን በር በቡጢ በሳሁት። የአሜሪካ በር ውስጡ ባዶ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት፤ እጄ እስከ አንጓዬ ገብቶ ቀረ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችኝና፣ "አበጀህ! አሁን ደግሞ አከራዩን ምን ልንለው ነው?" ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አባባ ሳሎን ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ "ምን ተሰበረ?" አሉ።

"ምንም አልተሰበረም፣ አባባ።"

"ዋሾ።"

አባቴን ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ በሳምንት ሁለቴ ቤት ድረስ እየመጣ እግራቸውን የሚያሠራቸው ፊዚዮቴራፒስት አለ። የሚከፍለው መንግሥት ነው። ደብዳቤው ደግሞ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ደንቡ ይለወጣል ይላል። አንዲት ገምጋሚ ቤት መጥታ ታያቸዋለች፤ ያለሰው እርዳታ ከወንበር የሚነሱ ከሆነ የቤቱ ቴራፒ ይቀርና ክሊኒክ እየሄዱ ይሠራሉ። ክሊኒክ! እኛ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነን፣ አሳንሰር የለም። እኔ ገና ሳይነጋ ትራኬን ይዤ ኦክላንድ ወደብ እሰለፋለሁ፣ ባለቤቴ ሄይዋርድ መጋዘን ውስጥ ናት። ማን ያውርዳቸው? ማንስ ያውጣቸው?

የቸገረኝ ምን መሰላችሁ፣ አባባ ይነሳሉ። ይነሱና ሦስት ትንፋሽ ያህል ይቆማሉ፤ ከዚያ ግራ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። አንደኛውን ጊዜ ቅንድባቸው ተተርትሮ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ወለል የፋሲካ በግ የታረደበት መስሎ ነው የደረስኩባቸው። ቴራፒስቱ፣ ረጋ ያለ የፊሊፒንስ ሰው ነው፣ "ጥቂት ወራት ብንሠራ ሽንት ቤት ብቻቸውን ይደርሳሉ" ብሎኝ ነበር። አባባ ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት ይህንኑ ብቻ ነው። "ልጄ ሱሪዬን እያወለቀልኝ ከምኖር አፈር ልብላ" ይላሉ፣ በየማለዳው ሱሪያቸውን ሳወልቅላቸው። እያሉም ይመቱኛል። ጭንቅላቴን፣ ትከሻዬን፣ ያገኙትን። ግራ ጎናቸው ቢደክምም ቀኝ እጃቸው የድሮው ነው።

የድሮውን እጅ ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ። አባባ አዲስ አበባ ትምህርት ቤት ውስጥ ዩኒት ሊደር ነበሩ። የአርፋጅና የረባሽ ጌታ ማለት ነው። በጎማ ነበር የሚገርፉት፤ የሰፈራችን ልጅ ግማሹ ቂጡ ላይ የአባቴ ፊርማ አለበት። ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ የማይጣስ ሕግ ነበራቸው፤ ሰው ሲገባ ይነሳል። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ብይ እየቆጠርኩ አንዲት ጎረቤታችን ስትገባ ሳልነሳ ቀረሁ። አባባ ሴትዮዋ ተጫውታ እስክትወጣ ጠበቁና በሩን ዘጉት። "እንግዳ ሲገባ ቂጡን የማያነሳ ከብት ነው! ከብት ወለድኩ እንዴ?" እያሉ ነበር የሚመቱኝ። ግራ ጆሮዬ ዛሬም በደንብ አይሰማም፤ ስልክ የማናግረው በቀኙ ነው።

እንግዲህ እኚህን ሰው ነው እንግዳ ሲገባ እንዳይነሱ ላስተምር የተነሳሁት።

ባለቤቴ ገምጋሚዋን ሆነች። ውጭ ወጥታ ታንኳኳለች፣ እኔ እከፍታለሁ፣ እሷ ፋይል አቅፋ ትገባለች። የመጀመሪያው ቀን ገና አንድ እግሯ ሳሎን ሳይረግጥ አባባ "ኖር!" ብለው ብድግ።

"አባባ፣ ይቀመጡ እንጂ!"

"ሰው ሲገባ እንዴት ልቀመጥ?"

"ምራትዎ ናት እኮ!"

"ትሁና። በር አንኳኩታ ነው የገባችው።"

ባለቤቴ ሳቋ አምልጧት፣ "በእግዚአብሔር፣ አባባ፣ በእግዚአብሔር" እያለች ደግፋ አስቀመጠቻቸው። እኔ ግን አልሳቅኩም። ደሜ ፈላ።

"እሺ፣ መቀመጡ ካቃተዎ በአፍዎ ይናገሩ" አልኳቸው። "መቆም አልችልም ይበሉ። ሁለት ቃል ናት። ውሸትም አይደለም።"

"ሟርት ነው! በገዛ አፌ እግሬን ልርገም? ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ደህና ነኝ ካሉማ አለቀልን!"

"ለማላውቃት ሴት ገመናዬን አልዘረግፍም።"

ሦስት ሳምንት እንዲህ ከረምን። ከወደብ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ ጀምሬ እጮሃለሁ፣ እሳቸው ከዘራቸውን ያነሳሉ። አንድ እሁድ ባለቤቴ ስታንኳኳ ሊነሱ ሲሉ ሁለቱን ትከሻቸውን ጨብጬ ወደ ታች ያዝኳቸው። በከዘራው አንጓዬን አሉኝ፤ ድምፁ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ነው። አጠገቤ የነበረውን ብርጭቆ አንስቼ ግድግዳው ላይ ከሰከስኩት። ስብርባሪው ጉልበታቸው ላይ ዘነበ። ከታች ያለው ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ይደበድብ ጀመር። ባለቤቴ መሃላችን ገብታ፣ "እንደዚህ ከቀጠላችሁ ገምጋሚዋ ሳትሆን ፖሊስ ነው የሚመጣው! ኧረ በማርያም!" ብላ አለቀሰች። ሳምንቱን ሙሉ ትራኩን የነዳሁት ባበጠ እጅ ነው።

ያም ሆኖ በዚያ ሁሉ ንዴት አንዲት ነገር አልጣስኩም። "ይቀመጡ"፣ "ይስሙኝ"፣ "ምነው እንዲህ ያደርጉኛል" ነበር የምለው። አባቴን አንቱ እያልኩ ነበር የምጮኽባቸው።

ቀኑ ደረሰ። ባለቤቴን ሥራ ቦታ አልለቀቋትም፣ እኔ ከወደብ ቀረሁ። አባባ ከረባት አምጣ ብለው አሠሩኝ። ወንበሩን ግድግዳው ጥግ አስጠግቼ፣ ከዘራውን ደበቅኩና፣ "ስለ እግዚአብሔር ብለው፣ ዛሬ ብቻ" አልኳቸው።

ገምጋሚዋ ሽበታም፣ ለስላሳ ፊት ያላት ሴት ነች። ታብሌት ይዛ ገባች። የአባባ ቀኝ እጅ የወንበሩን ክንድ ሲጨብጥ አየሁት። ዓይኔን አፈጠጥኩባቸው። እጃቸው ላላ፣ ተቀመጡ። ተመስገን አልኩ በሆዴ። ሴትዮዋ ግን ቀረብ ብላ፣ ሽበቷን ዝቅ አድርጋ፣ ለሰላምታ እጇን ዘረጋችላቸው። ያን ጊዜ አለቀ። "ኖር" አሉ አባባ፣ እና መነሳት ጀመሩ።

እንዴት እንደደረስኩባቸው አላውቅም። በሁለት እጄ ደረታቸውን ገፈተርኩት። "ቁጭ በል!" አልኩ። የወጣው ድምፅ የእኔ አልነበረም፤ በሩን ዘግተው ሲመቱኝ የነበረው የራሳቸው ድምፅ ነው። ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ፣ ጭንቅላታቸው ከግድግዳው ተላተመ፣ ምላሳቸውን ነከሱና ደም በአገጫቸው ወርዶ ነጩ ሸሚዝ ላይ ተንጠባጠበ።

በል አልኩ። ይበሉ አላልኩም።

ሴትዮዋ ከረጢቷ ውስጥ ካለው ሶፍት አውጥታ ለአባባ ሰጠቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በእንግሊዝኛ፣ "እባክህ ውጭ ቆይልኝ። ብቻቸውን ላናግራቸው ይገባል፤ ሕጉ ያስገድደኛል" አለች። ወጥቼ ደረጃው ላይ ቆምኩ። ሳሎናችን ጠባብ ነው፣ በሩም በደንብ አይገጥም። በስልክ አስተርጓሚ ደወለች፤ የአንዲት ሐበሻ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። ቀኝ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩት።

"አባቴ፣ እንደምን አሉ? ልጅዎ ገፍቶዎታል ወይ ብላ ነው የምትጠይቀው። አይፍሩ፣ እውነቱን ይንገሯት።"

እኔ ደግሞ አባቴን አውቃቸዋለሁ፤ ዩኒት ሊደር ሳሉ የገዛ እህታቸውን ልጅ በሪፖርት ያስባረሩ ሰው ናቸው። አዎ ገፍቶኛል ይላሉ፣ ይበለኝ፣ ይገባኛል አልኩ።

"ልጄ አልገፋኝም" አሉ።

"ታዲያ ምን ሆነው ወደቁ?"

"መቆም አልችልም።"

"አልሰማሁዎትም፣ አባቴ?"

"መቆም አልችልም አልኩሽ እኮ! ልነሳ ስል እግሬ ከዳኝ። ልጄ ሊይዘኝ ነው የዘለለው። ሽንት ቤት የሚወስደኝ እሱ ነው። ሱሪዬን የሚያወልቅልኝ እሱ ነው። እንደ ሕፃን የሚያጥበኝ እሱ ነው። ንገሪያት። ጻፊ በያት።"

ሦስት ሳምንት በጩኸት ያላወጣኋት ቃል ወጣች። ደረጃው ላይ ተቀምጬ የጃኬቴን እጅጌ ነክሼ አለቀስኩ።

ሴትዮዋ ስትወጣ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። "ደክሞሃል። ሳትጎዳቸው በፊት የሚያግዝህ ሰው ፈልግ" ብላኝ ወረደች። ገብቼ አባባ ጉልበት ላይ ተደፋሁ። "ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ። እጄ ይቆረጥ።"

"መግፋቱን ተወው፣ እኔም ስገፋህ ነው የኖርኩት" አሉ፤ ምላሳቸው አብጦ ቃሉ ይኮላተፋል። "አንተ አልከኝ። በሰው ፊት።"

ከጥቂት ሳምንት በኋላ መልሱ መጣ። ተፈቅዷል! ቴራፒስቱ እቤት መምጣቱን ይቀጥላል። ባለቤቴ እልል አለች፤ እኔም የበሳሁትን በር አቅፌ ሳምኩት፣ እብድ ነው የመሰልኩት።

ቴራፒስቱ በአዲሱ ደንብ የመጣ ቀን በሩን ራሴ ከፈትኩለት። አባባ ከወንበራቸው አልተነቃነቁም። ኖርም አላሉም። እሱ እንደ ልማዱ ፊታቸው ተንበርክኮ፣ እጆቹን ዘርግቶ፣ ተነሱ የሚል ምልክት ሰጣቸው። አባባ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

"አልነሳም በለው።"

"አባባ፣ ምን ነካዎት? ተፈቅዶልናል እኮ! ይሄን ያህል የተላለቅነው ለዚህ አይደል?"

"መቆም አልችልም ብያለሁ፣ በመንግሥት ፊት።"

"ሴትዮዋ የለችም! ማን ያይዎታል?"

"ወረቀቱ አለ። ይሄ ሰውዬም በመጣ ቁጥር ይጽፋል" አሉና ዞረው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። "ሞኝ። እኔ ከቆምኩ፣ አንተ ገፍተኸኛል ማለት ነው።"

ቴራፒስቱ አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን እያየ፣ "ምን አሉ?" አለኝ።

"ዛሬ ደክሞኛል ነው የሚሉት" አልኩት።

አባባ እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ስዋሽ ግን ፊቴን ያውቁታል። ዋሾ አላሉኝም።