በእርሳስ የተጻፈች አራት

ሴትዮዋ ክፍት በር ታንኳኳለች። ማሪቪክ በዚህ የካናዳ ዊኒፔግ መሥሪያ ቤት የሠራተኛ አስተዳደር ጸሐፊ ከሆነች ወዲህ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየታኅሣሡ ያው ግራጫ ሹራብ እጅጌው የሴትዮዋን ጣቶች ሸፍኖ ደጃፉ ላይ ይቆማል። በአንገቷ ያንጠለጠለችው የመታወቂያዋ ፎቶ ሁልጊዜ ወደ ደረቷ እንደዞረ ነው። ከምድር ቤቱ መዝገብ ክፍል ይዛ የምትመጣው፣ ሠራተኛ ራሱን ከአምስት የሚመዝንበትን ቅጽ ነው። ለራሷ ሦስት ትሰጣለች። «ዘንድሮ ምን ሠራሁ» በሚለው ቦታ የሌላውን ሰው ሥራ ትጽፋለች፤ ባልደረባዬ ግሌን በዚያ ሁሉ በረዶ ከሥራ አልቀረም፣ ፕሪያ መደርደሪያውን አስተካከለች። ማሪቪክ ማኅተሟን ታሳርፍበታለች። ከዚያ ያለፈ ነገር ተሰምቷት አያውቅም።

ዘንድሮ ቅጹ ላይ አራት አለ።

«በእርሳስ ነው የጻፍኩት» አለች ሴትዮዋ፣ ወለሉን እያየች።

«እና ምን አለበት?»

«ምናልባት አለቃ በዛ ካሉ ብዬ ነው። ላጲስም አምጥቻለሁ፤ በፍለጋ እንዳይቸገሩ።»

ላጲሱን ቅጹ ላይ አስቀመጠችና ይቅርታ ብላ፣ ግድግዳውን ታክካ ሄደች።

ማሪቪክ ቅጹን ለአለቃው ላከች። ላጲሱን መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት።