ሌይፓኮዋ እና አንቀጽ ዐሥራ አምስት

ሌይፓኮዋ ዋና ከተማው ቪላ ድረስ ለሦስት ቀን ሥልጠና የሄደችው ለሰብአዊ መብት ብላ አልነበረም፤ ለዶሮው ነው። ከእሷ በፊት ሠልጥና የመጣችው የባሏ እህት ሌይማታ፣ "ምሳ ላይ ለአንድ ሰው አንድ ሙሉ የዶሮ እግር! ማንም አይሻማሽም!" ብላ አስጎምጅታት ነበር። ሌይፓኮዋ አምሳ አራት ዓመቷ ነው። ሰባት ልጅ አሳድጋለች፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ከዶሮ ሲደርሳት የኖረው አንገቱ ነው።

ሁለት ቀን ሙሉ በላች እንጂ አልሰማችም። በሦስተኛው ቀን ከፊጂ የመጣችው አሠልጣኝ አንድ ቀጭን መጽሐፍ አንሥታ፣ "ይህ በሴቶች ላይ የሚደረገው አድልዎ እንዲቀር የዓለም አገሮች የተስማሙበት ውል ነው። የእናንተም አገር ፈርማለች" ስትል ግን እጇን አወጣች።

"መቼ ነው የፈረመችው?"

"ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል።"

"በስመ አብ! ያኔ እኮ ባሌ ጥርስ ነበረው! እስከ ዛሬ የነገረን ሰው የለም?"

በመጨረሻ በአገሩ ቋንቋ በቢስላማ የታተመውን መጽሐፍ በፕላስቲክ ጠቅልላ፣ ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ወደ ደሴቷ ወደ ንጉና ተመለሰች። ወደ ወደቡ በሚሄደው መኪና ውስጥ ስታነብ አንቀጽ ዐሥራ አራት ስለ ገጠር ሴቶች እንደሚናገር ስታይ ሾፌሩን ትከሻው ላይ መታችው። "እኛን ጽፈውናል! ስማ፣ እኛን ጽፈውናል!" መኪናው ገደል ሊገባ ነበር።

መንደሯ ስትደርስ የጠበቃት ነገር አንድ ነው፤ ጀልባ የለም። ሴቶቹ ምንጣፍ ሠርተው ሸጠው የገዟት፣ አርብ አርብ ጎመንና ፓፓያ ጭነው ገበያ የሚሄዱባት ጀልባ ነበረች። የመንደሩ የእግር ኳስ ቡድን ግን ካለፈው ወር ጀምሮ አርብ በመጣ ቁጥር ለጨዋታ እየወሰዳት፣ ጎመኑ ዳር ላይ ይጠወልጋል። የቡድኑ አሠልጣኝ ደግሞ ሌላ ማንም ሳይሆን የሌይፓኮዋ ባል ካልታፓው ነው።

ሌይፓኮዋ ከሰሰች። ግን የመንደሩ ፍርድ የሚታየው ናከማል ውስጥ ነው፤ ወንዶች ካቫ የሚባለውን የሥር መጠጥ የሚጠጡበት ትልቁ ቤት። ሴት እዚያ አትገባም። ጉዳይ ያላት ሴት ደጅ ትቀመጥና ወንድሟ ወይም ባሏ ይናገርላታል። ወንድሟ የቡድኑ በረኛ ነው። የቀረው ባሏ፣ ተከሳሹ ራሱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ካልታፓው በመንደሩ አለቃና በሽማግሌዎቹ ፊት ቆመ፤ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"አለቃዬ፣ ባለቤቴ እኔን ከሳለች። በእሷ ስም ስናገር፣ ክሱ ከባድ ነው። በራሴ ስም ስናገር ደግሞ፣ ክሱ ውሸት ነው። ሁለታችንም እናመሰግናለን።" ብሎ ቁጭ አለ።

በቀርከሃው ግድግዳ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው የነበሩት ሴቶች "ኧረ ጉድ!" አሉ። ሌይፓኮዋ እየሮጠች ቤተ ክርስቲያን ሄደችና ማዕበል ሲመጣ ሰው የሚጠራበትን የድምፅ ማጉያ ይዛ ተመለሰች። "አንቀጽ ዐሥራ አምስት፣ ሴት በፍርድ ፊት ከወንድ እኩል ናት!" ልትል አስባ ጣቷ ያረፈው ግን የአደጋው ደወል ላይ ነበር።

ማጉያው ሲያለቅስ ናከማሉ ተናወጠ። ሽማግሌው፣ በረኛው፣ ካልታፓው፣ ሁሉም ካቫቸውን እየደፉ ወጥተው ወደ ተራራው ፈረጠጡ። የካልታፓው አንድ እግር ጫማ እዚያው ቀረ። ከቦታው ያልተነቃነቀው አለቃ ታሪማስ ብቻ ነበር፤ ጆሮው ደከም ያለ ነው።

"የት ሄዱ?" አለ።

ሰዎቹ እያለከለኩና እየተፋፈሩ ሲመለሱ ሌይፓኮዋ ከውጭ ጮኸች። "አለቃ፣ ይቅርታዎን! እኔ አልገባሁም፤ ድምፄ ብቻ ነው የገባው!"

አንድ ሽማግሌ ቃሏን አለቃው ጆሮ ሥር ጮኾ ደገመለት፤ አለቃው አሰበ። "ድምፅ አይግባ የሚል ሥርዓት አባቴ አልነገሩኝም። ግን ልጄ፣ አፍሽን ካላየሁ አልሰማሽም። ሴቶቹ የገበያ ጭነታቸውን ወደሚያስሩበት ዳስ እንሂድ።" ሴቶቹ ዳሱ አጠገብ በትኩስ ድንጋይ ላይ የጎደሬ ቂጣቸውን ላፕላፕን ጋግረው ስለነበር፣ ሽታው ስቦት ነው ብለው ያሙት አልጠፉም።

ዳሱ ውስጥ ካልታፓው አፉን ሲከፍት እህቱ ሌይማታ ከለከለችው።

"ቆይ ወንድምዓለም! ይሄ የሴቶች ቤት ነው። እዚህ ወንድ የሚናገረው በሚስቱ አፍ ነው።"

አለቃው ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እውነቷን ነው! ተናገሪለት እንግዲህ።"

ሌይፓኮዋ ከባሏ ጎን ቆመች። "ባለቤቴ ጀልባዋን መውሰዱን አምኗል።"

"ኧረ አላመንኩም!"

"አላመንኩም የሚለው ስላፈረ ነው።"

"አላፈርኩም!"

"እንዳላፈረም አምኗል።"

ሳቁ ሲበርድ አለቃው መጽሐፉን ተቀብሎ ገለበጠው። "ይህን ማን ፈረመው? እኔ አልፈረምኩም።"

"መንግሥት ነው የፈረመው።"

"መንግሥት እኮ እዚህ ደርሶ አያውቅም።"

"እሱስ አልመጣም። ውሉን ግን እኔ አመጣሁት።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አለቃ፣ የጎደሬ ማሳዬ በፍርድ ለሌላ ሲሰጥ እኔ ደጅ ነበርኩ። ወንድሜ ተናገረልኝ። ግማሹን ረሳው። ስሜን በግድግዳ ቀዳዳ እየሰማሁ፣ እንዲህ በለው ልለው አልቻልኩም። እዚህ የተጻፈው ራሷ ትናገር ነው። ሌላ ነገር አልፈለግሁም።"

ወንድሟ አንገቱን ደፋ።

ተፈረደ። አርብ የሴቶቹ ሆነ፤ ቡድኑም አንድ አሳማ ይክፈል ተባለ። ቡድኑ አሳማ የለውም፤ አሠልጣኙ ግን አለው።

"እንዴ!" አለች ሌይፓኮዋ። "አሳማውን ስቀልብ የኖርኩት እኮ እኔ ነኝ!"

"ውሉ ስለ አሳማ ምን ይላል?" አለ አለቃው።

ሠላሳውን አንቀጽ ከዳር እስከ ዳር አገላበጠች። ምንም አይልም። አሳማው ታረደ፤ ካልታፓውና ሌይፓኮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ሐሳብ ተስማምተው አለቀሱ።

ከዚያ ወዲህ ፍርድ የሚታየው ዳሱ ውስጥ ሆነ፤ ሌይፓኮዋም አብራው እንድትፈርድ ከአለቃው ቀኝ ተቀመጠች። የመጀመሪያው ጉዳይ የሌይማታ ነበር፤ የጎረቤት የምንጣፍ መሥሪያ ቅጠል ቆርጣለች ተብላ። ሌይማታ ገና ስትገባ ሌይፓኮዋን በዓይኗ ጠቀሰቻት። ቅጠሉ ግን ከቤቷ በሦስት እስር ተገኝቷል፤ ሌይፓኮዋ ፈረደችባት።

"አንቀጽሽ ይብላሽ!" ብላ ሌይማታ ወጣች። ሦስት ሳምንት ሰላምታ የለም።

በአራተኛው ሳምንት ሌይፓኮዋ ደጃፏ ላይ ምንጣፍ ስትሠራ ሌይማታ መጣች። ሰላምም ሳትል ቁጭ አለችና ከወዲያኛው ጫፍ መሥራት ጀመረች። ብዙ ቆይታ፣

"ፍርድሽስ ልክ ነበር" አለች። "ግን ስትፈርጂ አፍንጫሽን እንዲህ መንፋት ምን ያደርግልሻል?"

"አልነፋሁም።"

"ነፍተሻል። መንደሩ በሙሉ አይቶታል።"

ሌይፓኮዋ አፍንጫዋን በመዳፏ ሸፍና ሳቀች፤ ከዚያ ቅጠል አቀበለቻት።