የሙሽራው መኪና ቺንጋ

የእህቴን ልጅ በመኪናዬ ልድረው ቃል ገብቼ፣ በሠርጉ ጠዋት የሞተሩ ቺንጋ፣ መዘውሮቹን የሚያዞረው የጎማ ቀበቶ፣ ሊበጠስ ደርሶ አገኘሁት። እንጅባራ ጋራዥ ሞልቶ ሳለ፣ እኔ ቆራጥ ሰው ነኝና ግቢዬ ውስጥ ልቀይረው ተነሣሁ። አሮጌውን መዝዤ ጣልሁ። በየትኛው መዘውር ዞሮ እንደሚያልፍ ግን ልብ አላልሁም ነበር።

ጎረቤቴ ጋሽ አየነው ፈረሳቸውን ጭነው ብቅ አሉ።

«ኧረ ሙሽራው ቆሞ ቀረ!»

«እርስዎ ይቅደሙ፤ አንድ መዘውር ብቻ ነው የቀረኝ።»

«ከጠዋት ጀምረህ አንድ ነው የቀረህ!»

ገመድና ሌላ ፈረስ አስመጡ። ሁለት ፈረሶች መኪናዋን ከነሙሽራው እየጎተቱ ሙሽሪት ቤት አደረሱን። እኔም በሙሉ ክብር መሪ ይዤ ነበር።

ትናንት አንድ በሠርጉ ዕለት በፈረስ ስንጎተት ያየን የአዘና ሰው ለልጁ ሠርግ መኪናዬን ሊለምን መጣ።

«አደራ፣» አለኝ፣ «ቺንጋውን እንዳታስገባው።»