ሚጢ በሌላ ሰው ድምፅ

ሰፈርተኛው ሁሉ ጋሽ ሶፋ ይለዋል። ሶፋ ይሠራል፣ የተቀደደ ወንበር ያለብሳል፣ የረገበ ሞላ ይቀይራል። ሱቁ ጠባብ ናት። ግማሿን ስፖንጅ፣ ግማሿን የጨርቅ ጥቅል ይዟት፣ እሱ መሐል ላይ ተንበርክኮ ትንንሽ ሚስማር በከንፈሩ እንደያዘ ይውላል። የሚያውቀው ደንበኛ ሲመጣ በሩ ላይ እግሩን ጠበቅ አድርጎ ይረግጣል፤ የጣውላው ወለል ሲነዝረው ጋሽ ሶፋ ቀና ይላል። ሰላምታ ብትጮህለት አይሰማም።

እንዲህ ሆኖ አልተወለደም። ሴት ልጁ ገና ጡት ሳትጥል እሱን ማጅራት ገትር ያዘውና ሆስፒታል ተኛ። ነፍሱ ተረፈች፤ ጆሮው አልተረፈም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔ ግን ጭራሹን ቤቱን ጥሎ ጠፋ» እያለ ደንበኞቹን ያስቃል። ቀስ በቀስ ከንፈር ማንበብ ለመደ። ሰው ፊቱን ካላዞረበትና ካልተጣደፈበት ጨዋታው አያመልጠውም።

አንድ ነገር ግን ከሆዱ አልወጣለትም። ልጁ ሚጢ አፏን የፈታችው እሱ ጆሮውን ካጣ በኋላ ነው። ከሷ የሚያውቀው ለቅሶዋን ብቻ ነበር። መጀመሪያ «አባ» ያለች ዕለት ባለቤቱ ልጅቷን አቅፋ እየሮጠች ሱቅ ድረስ መጥታ ነገረችው። እሱም ልጁን አቅፎ ሳማት፤ ከዚያ ጨርቅ የሚቆርጥ መስሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሚጢ ትምህርት ቤት ገብታ ዘለግ ካለች በኋላ፣ ጡረታ የወጡ አንዲት ነርስ የአባታቸውን አሮጌ ወንበር አስይዘው መጡ። እኚህ ሴት በወጣትነታቸው ሩቅ አገር፣ ጫካ ውስጥ በሚኖሩ ሰዎች መሐል ሲያክሙ ኖረዋል። የዚያ አገር አዋቂዎች ከበሮ እየመቱ፣ ልባቸው እንደነቃ ሕልም ውስጥ ይገባሉ፤ እሳቸውንም አስተምረዋቸዋል። ጋሽ ሶፋ የወንበሩን አሮጌ ጨርቅ እየገፈፈ ሳለ ትከሻውን ነካ አደረጉት።

«በሕልምህ ትሰማለህ?» አሉት፣ ከንፈራቸውን ቀስ አድርገው።

መዶሻውን አስቀመጠ። ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም።

«እሰማለሁ እትዬ። እናቴ ስትጠራኝ እሰማለሁ። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እሰማለሁ። ግን በራሱ ጊዜ ነው የሚመጣው፤ አላዝበትም።»

«ማዘዝ ይቻላል» አሉት።

ትምህርቱ እንዲህ ተጀመረ። ቀን ቀን ሥራውን አቋርጦ መዳፉን እያየ «ይሄ ሕልም ነው ወይስ እውን?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። በሕልም መዳፍ አይረጋም፤ ጣት ይበዛል፣ ያንሳል፤ ሰው በዚያ ይነቃበታል። ሊተኛ ሲል የሚፈልገውን በልቡ ደጋግሞ ይላል። ሲነቃ ሳይንቀሳቀስ ያየውን ይለቅማል። እሳቸው ቤት ሲሄድ ከበሮውን ይመቱለታል፤ እሱ መዳፉን ከበሮው ጎን ላይ ይለጥፋል፣ ምቱ በክንዱ አልፎ ደረቱ ውስጥ ይገባል። መጻሕፍትም አዋሱት፤ ስለ ነፍስ ጉዞ፣ ስለ ዝምታ፣ ስለ ጸሎት። ከጋዜጣ ስፖርት ገጽ ሌላ አንብቦ የማያውቅ ሰው አልጋው ላይ መጽሐፍ ከመረ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልትመንንብኝ ነው እንዴ?» አለችው ባለቤቱ።

«መንኜ የት እሄዳለሁ? ሶፋውን ማን ይሠራዋል?»

ሲደክም ቆይቶ አንድ ሌሊት ተሳካለት። በሕልሙ ሱቁ ውስጥ ነበር። መዳፉን ሲያይ ጣቱ ስድስት ሆነበት። «ሕልም ነው!» ብሎ ጮኸ፤ የገዛ ድምፁን ሰማው። ደስታው መያዣ መጨበጫ አጣ። መዶሻ አንሥቶ ጣውላውን ደበደበ፣ ጨርቅ ቀደደ፣ አስሎም ሰማ። ከዚያ «ሚጢ!» ብሎ ተጣራ። ሚጢ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አንግታ ገባች። አፏን ከፈተች። የወጣው የሕፃን ለቅሶ ነበር።

ሲነጋ ትራሱ ረጥቦ ተገኘ። ያም ሆኖ አልተወውም። እያደረ መጥራቱን ቀጠለ፤ እሷም እየመጣች ታለቅሳለች። በመጨረሻ አንዱን ሌሊት በሩን ተደግፋ ቆማ «አባ፣ ና እንጂ» አለችው። ጥርት ያለ የሰው ድምፅ! ሻከር ይላል፣ መጨረሻው ላይ ሳቅ ሳቅ ይለዋል።

ምሳ ላይ አላስችል አለው። «ሚጢዬ፣ ድምፅሽን ሰማሁት! ሻከር ያለ ነው አይደል? ስትጨርሺ ደግሞ ሳቅ ሳቅ ይልሻል።»

የባለቤቱ እጅ አየር ላይ ቀረ። ሚጢን አየቻት፣ እሱን አየችው።

«እሱ የእህትህ ድምፅ ነው» አለችው።

እህቱ ሚጢ ሳትወለድ ነበር የሞተችው። «የሚጢ ቀጭን ነው» ብላ ቀጠለች ባለቤቱ፤ «ቀጭን ሆኖ…» ቃል አጣችለት። ድምፅን ለማይሰማ ሰው በምን ይመስሉለታል?

ድምፁ የእህቱ መሆኑን የጋሽ ሶፋ ልብ ያውቅ ነበር፤ ያን ዕለት ግን በጆሮው እንደ ሰማው ሆነ። ሆኖም የተጠማ ሰው ውሃው የማን ጉድጓድ ነው ብሎ አይጠይቅም። ጭራሽ ባሰበት። በቀን ስፖንጁ ላይ ጋደም ማለት ጀመረ። ደንበኛ ወለሉን በእግሩ ደብድቦ ደብድቦ ይመለሳል። ሚጢ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ስለ መምህሯ፣ ስለ ጓደኞቿ ጠብ ታወራለታለች፤ እሱ መሐል ላይ ዓይኑን ይከድናል። ሌላ አባት ዓይኑን ቢከድን እያዳመጠ ሊሆን ይችላል። እሱ ግን ዓይኑን ሲከድን ጆሮውን መክደኑ ነበር።

አንድ ቀን ጉልበቱን ይዛ ነቀነቀችው። ፊቷ ቀልቷል።

«ያቺን ነው የምትወዳት» አለችው።

«ማንን?»

«በሕልምህ የምትመጣውን። እኔ እዚህ እያወራሁህ ትተኛብኛለህ። እሷን ግን ትሰማታለህ።»

«ሚጢዬ፣ እሷ እኮ አንቺ ነሽ።»

«አይደለሁም! እማዬ ነግራኛለች። እሷ አክስቴ ናት።» ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ሱቁ መምጣት ተወች።

ጋሽ ሶፋ ወደ ነርሷ ሄደ። የልጁን እውነተኛ ድምፅ እንዴት እንደሚያመጣ እንዲያሳዩት ለመናቸው።

«ሕልም ከገዛ ጎተራህ ነው የሚሰፍርልህ» አሉት። «ያላስገባኸውን ከየት ያመጣዋል?»

«ታዲያ ምን ብለው አስተማሩኝ?»

«የእናትህን ድምፅ ናፍቀህ መስሎኝ ነው፣ ልጄ።» ሌላም ነገር ጨመሩ፤ ግን ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ስለነበር አላነበበውም።

መጻሕፍቱን መለሰ፤ መዳፉንም ማየት ተወ። ሆኖም ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም። የለመደች ልጅ መጥታ በሩ ላይ ትቆማለች፤ «አባ፣ ና እንጂ» ትለዋለች። እሱ ሕልም መሆኑን ያውቃል፤ ማወቁን መርሳት አቃተው። ጀርባውን ሰጥቷት እስኪነቃ ይቆማል። ከኋላው የምትለምነው የእህቱ ድምፅ ናት። አንዴ የቀበራትን እህቱን ሌሊት በመጣ ቁጥር እየቀበራት ከረመ።

በመጨረሻ መምጣት ተወች። ስትሄድ ብቻዋን አልሄደችም። የእናቱ ጥሪ፣ ዝናቡ፣ መዶሻው፣ ሁሉም ተከትሏት ሄደ። አሁን ሕልሙም እንደ ቀኑ ጭጭ ያለ ነው። ለማንም አልተናገረም። ባለቤቱ ብቻ በእንቅልፉ ፈገግ ማለቱን እንደተወ አይታ ነገሩን ጠርጥራለች።

ለሚጢ «ያቺ ሄዳለች» አላት።

«እሺ» አለች።

ማውራቱን አልነፈገችውም። ግን አሳጠረችበት። ምሳ ደርሷል፣ እማዬ ትጠራሃለች፣ ደህና ነኝ። ስለ መምህርና ስለ ጓደኛ ጠብ የሚወራው ረጅሙ ጨዋታ ለናቷ ሆነ። እሱ ከማዶ ተቀምጦ የሁለቱን ከንፈር ሊያነብ ይሞክራል፤ ሲስቁ ከኋላ ደርሶ ይስቃል።

እንዲህ እንዲህ እያለች አደገች። ትምህርቷን ጨርሳ ሌላ ከተማ ሥራ አገኘች። በሄደችበት ጠዋት ሻንጣዋን ተሸክሞ ከባለቤቱ ጋር መናኸሪያ ድረስ ሸኛት። አቀፈችው፣ ጉንጩን ሳመችው፣ አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ባለቤቱ ሻንጣው እንዲጫን ከረዳቱ ጋር ትጨቃጨቃለች።

በዚህ መሐል ሚጢ ወደ መስታወቱ ተጠግታ መናገር ጀመረች። አጭር ነገር አልነበረም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ነገር ግን መስታወቱ ሰማዩን እያንጸባረቀ አፏን ጋረደበት። ጋሽ ሶፋ ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ሄደ፣ በእግሩ ጣቶች ቆመ። መሬቱ ከእግሩ ሥር ሲንቀጠቀጥ ሞተሩ መነሣቱን አወቀ። ያኔ ራሱን ደጋግሞ እየነቀነቀ «እሺ፣ እሺ ሚጢዬ! እሺ!» እያለ ጮኸላት። መንገደኛው ሁሉ ዞር ብሎ አየው። ሚጢ ፊቷን በመዳፏ ጠርጋ ሳቀችለት። አውቶቡሱ ወጣ።

ባለቤቱ መጥታ ክንዱን ያዘችው።

«ምን አለችህ?»

«እንጃ» አላት። «ግን እሺ ብያታለሁ።»